ኢንጂነር ሙእሚን ለከድሩ የነገረው

ስልኩ የጮኸው ከድሩ የምሳ ሰዓት ግርግር አልፎለት ገና ወንበር ስቦ ቁጭ ከማለቱ ነበር። አዋሽ ሰባት ላይ ከአስፋልቱ ዳር ያለችው ምግብ ቤቱ የጅቡቲ መስመር ሾፌሮች የሚያዘወትሯት ናት፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አራት እጅ ያለው ሰው እንኳ አይበቃትም። ቁጥሩን አላወቀውም። ሽንኩርት የሚያመጣለት ነጋዴ መስሎት አነሳው።

«ጋሽ ከድሩ ነዎት? ፋሪሃ እባላለሁ፤ ከሰመራ ነው የምደውለው። የውሃ ኢንጂነር ነኝ። ከኢንጂነር ሙእሚን ጋር ነበር የምሠራው፤ አላህ ይርሐማቸውና።»

ከድሩ ጨርቁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሙእሚን ከሞተ አምስት ወሩ ነው። በእነዚህ አምስት ወራት ውስጥ ስሙን የሚያነሳ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የከድሩን ፊት እያየ ነበር የሚያነሳው። ይህቺ ልጅ ግን እየተጣደፈች፣ ከኋላዋ የመኪና ሞተር እየጮኸ፣ እንደ ሕያው ሰው ስም ነው የጠራችው።

«ለለቅሶ አይደለም የደወልኩት» አለች። «ለሥራ ነው። ከሰመራ አልፎ በሰርዶ መንገድ ለሰፈረው መንደር ውሃ ያስገቡት እሳቸው ነበሩ። የፓምፑ ትራንስፎርመር ተቃጥሎ ስምንት ቀን ውሃ ቆመ። አሁን ትራንስፎርመሩ ተቀይሯል፣ ፓምፑም ይሠራል፤ ውሃው ግን መሃል መንገድ ላይ ይቀራል። መንደሩ አይደርስም።»

«ልጄ፣ እኔ እኮ ምግብ ቤት ነው ያለኝ።»

«አውቃለሁ። ባዶ የከረመው ቧንቧ ውስጥ አየር ታፍኖበታል። አየሩን የምናስወጣባቸው ሦስት ቫልቮች አሉ፤ ሦስቱንም ከፍተናል። አራተኛ አለ ይባላል፤ ካርታው ላይ ግን የለም። የት እንደተቀበረ የሚያውቅ ሰው ጠፋ።» ትንፋሿን ሰበሰበች። «ኢንጂነር አንድ ቀን ‹ይሄን መስመር ከእኔ ሌላ የሚያውቀው አዋሽ ያለው ከድሩ ብቻ ነው› ብለውኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ስቄ አለፍኩት። ቀልድ ነበር እንዴ ጋሽ ከድሩ?»

ከድሩ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቋረጠው። ስለ ቧንቧ የሚያውቀው ቢኖር የምግብ ቤቱ መታጠቢያ ሲደፈን ሰው መጥራት ነው። ቢሆንም አፉ ከእሱ ቀድሞ መለሰ።

«ቀልድ አይደለም» አለ። «ነገ እመጣለሁ።»

ሙእሚንና ከድሩ አዋሽ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ በአንድ ዓመት፣ ግድግዳ በሚጋሩ ሁለት ቤቶች ውስጥ ነው የተወለዱት። አባቶቻቸው ከወሎ አብረው የወረዱ ነጋዴዎች ነበሩ። ልጆቹ ነፍስ ካወቁ ጀምሮ ባቡር ሲቆም ለተሳፋሪ ውሃ ይሸጡ ነበር፤ ከድሩ ጮሆ ይጠራል፣ ሙእሚን ይቀዳል። ሙቀቱ ውሃውን ሻይ ሲያደርገው ሙእሚን ጀሪካኑን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ ሰቀለው። ከዚያ ቀን ወዲህ ተሳፋሪው የእነሱን ውሃ እየመረጠ ይገዛ ጀመር። ሌሎቹ ልጆች ቀንተው ጆንያውን ሲሰርቁ፣ ከድሩ ተደባድቦ አስመለሰ፤ ሙእሚን ደግሞ ቁጭ ብሎ ጆንያው ለምን እንደሚያቀዘቅዝ ያስረዳው ጀመር። ያኔ የጀመረው ማስረዳት አርባ ዓመት ዘለቀ።

ሙእሚን አርባ ምንጭ ሄዶ የውሃ ምህንድስና ተምሮ ሲመለስም አልተወውም። አዋሽ ካለ ማታ ማታ ምግብ ቤቷ ማዕዘን ላይ ካለችው ጠረጴዛ ይቀመጥና ብርጭቆ፣ ማንኪያና የጨው ዕቃ ይደረድራል። «ይሄ ተራራው ነው፤ ይሄ ጉድጓዱ። አሁን ውሃው በየት ይሂድ?» ይላል። ሰመራ ካለ ደግሞ በስልክ ነው። ከድሩ እያዛጋ «አንተ ሰውዬ፣ እኔን ምን አድርግ ነው የምትለኝ?» ይለዋል።

«ለአንተ አስረድቼ ያልገባህ ነገር፣ ለእኔም አልገባኝም ማለት ነው» ይል ነበር ሙእሚን።

በጥር አንድ ሐሙስ ቀን፣ ሰመራ ላይ ዙሁር ሰግዶ ወጥቶ፣ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ቀረ። ራስ ምታት እንኳ የማያውቅ የሃምሳ ሁለት ዓመት ሰው። ሚስቱ ኡሙሀኒ አስከሬኑን ይዛ አዋሽ ደረሰች፤ ከድሩ በገዛ እጁ ቀብር ውስጥ ወርዶ አስተኛው። ከዚያ በኋላ ስለ ሙእሚን ማውራት አልሆነለትም። ሊያወራ ሲጀምር ወሬውን አቋርጦ ወደ ኩሽና ይገባል። ስለዚህ ተወው።

አሁን ግን የፋሪሃን ስልክ ዘግቶ፣ የምግብ ቤቱ በር ላይ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ብቻውን ያወራል።

«ምን ሆነሃል?» አለችው ሚስቱ ሙስሊማ።

ነገራት። ሙስሊማ መጀመሪያ ሳቀች። «እሱ ስለ ቧንቧ ሲያወራ አንተ ታንኮራፋ አልነበረም እንዴ?»

«ዓይኔን ነው የምጨፍነው እንጂ ጆሮዬን አልጨፍንም!»

ሙስሊማ ፊቱን አየችው። ከጥር ወዲህ ይሄን ፊት አላየችውም። ሳቋን ትታ ቦርሳውን ልታዘጋጅ ገባች።

ባንተይርጋ የሚባለው የተሳቢ መኪና ሾፌር የከድሩ የዘወትር ደንበኛ ነው። ዕቃ አራግፎ ባዶውን ወደ ጅቡቲ ይመለስ ስለነበር፣ በማግስቱ ከድሩ ሱብሂ ሰግዶ አብሮት ወጣ። መኪናው ባዶ ሲሆን ይበርራል። የአዋሽ አርባን ሜዳ አልፈው፣ ወደ መልካ ወረር የሚገባውን መንገድ ወደ ጎን ትተው ሲሄዱ ፀሐይዋ ገና የጥጥ ማሳው ላይ ነበረች፤ ከድሩ ግን ከአሁኑ ላብ አጥምቆታል።

«እስቲ ከመጀመሪያው እንጀምር» አለ ባንተይርጋ፣ ነገሩ እሱንም ይዞታል። «መቼ ነው የሠራው?»

«የዛሬ ስምንት ዓመት። ሙስሊማ የመጨረሻዋን ልጅ በወለደች ሰሞን።»

«እሺ። ምን አለህ?»

«ብዙ ነው ያለኝ! ስለ ፓምፑ... ፓምፑን ሲያወርዱ ገመድ ተበጥሶባቸው ነበር። ከዚያ ስለ አንድ ግመል። ስለ ሲሚንቶ...»

«ስለ ቫልቭስ?»

ከድሩ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ነገሩ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ አለ፤ ግን እንደተደበላለቀ ጎተራ ነው፤ አንዱን ሊያወጣ ሲጎትት ሌላው ይናዳል። ገዋኔ እስኪደርሱ ባንተይርጋ እየጠየቀ፣ ከድሩ እየቆፈረ ሄዱ። ገዋኔን አልፈው በስተግራ ያለውን ጥቁር የድንጋይ ክምር ሲያይ ግን ከመቀመጫው ዘለለ።

«ጥርሱ! ባንቴ፣ ጥርሱ!»

«የማን ጥርስ?» ባንተይርጋ ደንግጦ ፍሬን ያዘ።

«የኤክስካቫተሩ! ድንጋዩ የኤክስካቫተሩን ጥርስ ሰበረባቸው። ካርታው ቧንቧው ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ነበር የሚለው፤ እነሱ ግን አልቻሉም። ‹ድንጋዩን በቀለበት ዞርኩት› ብሎኛል። ዞሮታል! ለዚህ ነው ያላገኙት፤ ቀጥታውን እየፈለጉ ነው!»

እዚያው ከመኪናው ላይ ሆኖ ለፋሪሃ ደወለ። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ በሦስተኛው ተያዘ። ፋሪሃ ሰምታ ስትጨርስ «በየት በኩል ዞረው?» አለች። ከድሩ አላወቀም። ግን ከዚያ በኋላ እስከ ሚሌ ድረስ ባንተይርጋ ነዳጅ የሰጠ ይመስል ልቡ ከመኪናው እኩል ይሮጥ ነበር። ሚሌ ላይ ለምሳ ሲቆሙ መብላት አቃተው።

ሰመራ የደረሱት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ፋሪሃ ከሃያ ሰባት ዓመት የማትበልጥ፣ የሥራ ቦት የተጫማች፣ ሻርፗ ጫፍ ላይ እስክሪብቶ የሰካች ልጅ ናት። ሰላምታውን በሩጫ ጨርሳ ፒክአፕ ውስጥ አስገባችው። የሰርዶን መንገድ ይዘው ጥቂት እንደሄዱ ወደ ቀኝ ታጠፉ።

መንደሩ ስድስት መቶ አባወራ አለው። ቦኖው ፊት ለፊት ቢጫ ጀሪካኖች ውሃው ከቆመ ጀምሮ እንደተሰለፉ ናቸው። በቀን አንዴ የሚመጣው ቦቴ ለሰው እንኳ አያዳርስም፤ ፍየሎቹ ቦኖው ሥር ያለውን ደረቅ ሲሚንቶ ይልሳሉ። ከድሩ ይህን ሲያይ በመንገድ ላይ የነበረው ደስታ ፍርሃት ጨመረበት። ብሳሳትስ?

ፋሪሃ ካርታውን የመኪናው አፍንጫ ላይ ዘረጋችው። ከድሩ አጎንብሶ አየው፤ መስመርና ቁጥር ብቻ ነው።

«ይሄ አይገባኝም» አለ። «ብርጭቆ አምጪልኝ።»

«ምን?»

«ብርጭቆ። ማንኪያ፣ ጨው፣ ያለውን ሁሉ!»

አጠገባቸው ካለች ሻይ ቤት ገብተው ጠረጴዛ ያዙ። ከድሩ ብርጭቆዎቹን ፊቱ ሰበሰበ። መጀመሪያ እጁ እንደ ሌላ ሰው እጅ ዝም አለ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ፣ ማታ ማታ ምግብ ቤቱ ውስጥ እንደሚያደርገው፤ የሙእሚን ድምፅ መጣ። *ይሄ ማጠራቀሚያው ነው።* የስኳሩን ጣሳ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አደረገ። *ይሄ ጉድጓዱ።* አመድ መጣያውን በወዲያ ጫፍ አኖረ። *እነዚህ ሁለቱ እንደ መንታ የቆሙ ኮረብታዎች ናቸው።* ሁለት ብርጭቆ። የጨው ዕቃውን አንስቶ መሃል ላይ ደፋው።

«ይሄ ድንጋዩ ነው። ጥርስ የሰበረው። አሁን ተመልከቺ...» ማንኪያውን አንስቶ ከጨው ዕቃው በስተግራ ሊያስቀምጥ ሲል እጁ ራሱ ወደ ቀኝ አዞረው። «በኮረብታዎቹ በኩል! በቀኝ ነው የዞረው፤ ምክንያቱም በግራ በኩል የድሮ መቃብር ነበር። ‹የሰው አጥንት ላይ ቧንቧ አልዘረጋም› ብሎ ስምንት መቶ ሜትር ቧንቧ ጨመረ። አለቆቹ ተቆጥተውት ነበር።»

ሻይ ቤቱን የሞሉት ወጣቶች እርስ በርስ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ «መቃብሩ አለ!» ብሎ ጮኸ። ፋሪሃ ካርታውን ጠቅልላ ስትነሳ ወንበሯ ወደቀ፤ አላነሳችውም።

ያን ቀን ከአሥር በላይ ወጣቶች ዶማና አካፋ ይዘው ከጥቁሩ ድንጋይ በስተቀኝ ቆፈሩ። ሙቀቱ የዶማውን ብረት ያቃጥላል። አንዴ ቆፍረው ድንጋይ ብቻ ነው ያገኙት፤ ሁለተኛም እንዲሁ። ሦስተኛው ጉድጓድ ከወገብ ሲያልፍ ዶማው ሌላ ድምፅ አሰማ። ፋሪሃ ዘላ ገባችና አፈሩን በእጇ ጠረገችው። ቧንቧው ነበር።

እልልታው እስከ መንደሩ ተሰማ። ልጆቹ ከድሩን ሊሸከሙት ሲሉ በግድ አስቆማቸው። «ቫልቩስ?» አለ።

ፋሪሃ ጉድጓዱ ውስጥ ቆማ ግራና ቀኝ አየች። «መስመሩን አገኘን። ቫልቩ ግን በዚህ ስምንት መቶ ሜትር ውስጥ የትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ድንጋይ ላይ ስምንት መቶ ሜትር ለመቆፈር ደግሞ አሥር ቀን አይበቃም። ቧንቧውን ቆርጬ አየሩን እንዳላስወጣ ደግሞ መጠገኛው ከአዲስ አበባ ነው የሚመጣው።» ቀና ብላ አየችው። «የት ቦታ እንዳደረጉት አልነገሩዎትም?»

ከድሩ ራሱን ነቀነቀ። የመግሪብ አዛን ሲሰማ ሁሉም መሣሪያውን ሰብስቦ ተበተነ።

በማግስቱ ማለዳ ወደ ቦታው ሲመለሱ አንድ ሽማግሌ ጉድጓዱ አፍ ላይ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀምጠው አገኟቸው። የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ መሀመድአሚን ናቸው። ከድሩን በእጃቸው ጠርተው አጠገባቸው አስቀመጡት።

«አንተ የሙእሚን ወንድም ነህ?»

«ጓደኛው ነኝ ሼሁ።»

«ያው ነው። ዳጉህን ንገረኝ።»

ዳጉ በአፋር ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ወሬ የሚቀባበሉበት ሥርዓት ነው፤ ያየኸውንና የሰማኸውን ሳትጨምር ሳትቀንስ ትናገራለህ። ከድሩ አፋር ምድር ተወልዶ ያደገ ነውና ያውቀዋል። ስለዚህ ትናንት ያለውን ደገመ፦ ድንጋዩን፣ መቃብሩን፣ ቀለበቱን። ሼሁ እስከ መጨረሻው አዳምጠው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ቆርጠህ ነው የነገርከኝ።»

«ምኑን ቆረጥኩ?»

«ይሄን ሁሉ የነገረህ መቼ ነው?»

«ማታ ማታ፣ ጠረጴዛ ላይ።»

«ቫልቩን ሲቀብር ግን እዚህ ነበር። እኔም አይቼዋለሁ፤ በቀን ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ሰዎቹን ወደ ምሳ ሰድዶ ብቻውን ቀረ። ከሩቅ ሳየው ስልክ ያወራ ነበር፤ ትክክለኛ ቦታውን ግን ልብ አላልኩም። ለማን ነው የሚያወራው?»

ከድሩ ዓይኑን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ መለሰ። ፊቱ ተለዋወጠ። ፋሪሃ ልትናገር ስትል ሼሁ በእጃቸው ዝም አሰኟት።

«ለእኔ ነበር» አለ ከድሩ። «ያን ቀን ደውሎ ነበር። ግን እሱ... ተጣልተን ነው የዘጋነው። ማለቴ እኔ ነኝ የዘጋሁበት። ምንም የሚጠቅም ነገር የለውም።»

«የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን አንተ አትለየውም። ተናገር።»

ለስምንት ዓመት ለማንም ያልተናገረውን ከድሩ መሬት መሬቱን እያየ ተናገረ። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፤ የአዋሽ ገበያ ቀን። ምግብ ቤቱ ጢም ብሏል፤ አስተናጋጁ ቀርቷል። ስልኩ ጮኸ።

«ሰላም አላለኝም። ‹ጨረስኩት፣ ከድሩ!› ነው ያለኝ። ድምፁ እንደ ልጅ ድምፅ ነበር። ‹አሁን ልክ የቀበርኩበት ላይ ቁጭ ብያለሁ› አለኝ። እኔ ሰሃን በእጄ ይዣለሁ። ‹እሺ፣ ማታ ንገረኝ› አልኩት። አልሰማኝም። ‹ቦታው እንዴት እንደሚያምር ብታይ! ጀርባዬን ለትልቁ ድንጋይ ሰጥቻለሁ፤ ፊት ለፊቴ ሁለቱ መንቶች ናቸው፤ በመሃላቸው የሰመራ የቴሌ ማማ እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ከሄድኩ ኮረብታው ይጋርደዋል፤ ወደ ቀኝ ከሄድኩም ይጋርደዋል። ምልክት አያስፈልገውም!› አለኝ። ያኔ እኔ...» ከድሩ ቀና አለ። «እኔ ‹ሠላሳ ሰው ቆሞብኛል፣ አንተ ስለ ድንጋይ ትነግረኛለህ! ሥራ ፈት!› ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁት። በማግስቱ ደውሎ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ፣ ሌላ ወሬ ጀመረልኝ። እኔም ይቅርታ አላልኩትም...»

ዙሪያውን ሲመለከት ማንም አያዳምጠውም። ፋሪሃ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆማለች።

«ጋሽ ከድሩ» አለች በቀስታ፤ ከዚያ በጩኸት፦ «ጋሽ ከድሩ! ማማው ነው! በሁለቱ ኮረብታ መሃል ማማው የሚታይበት መስመር አንድ ብቻ ነው! ያ መስመር ከቧንቧው ጋር የሚገናኝበት ቦታ...»

አልጨረሰችውም። ሮጠች። ወጣቶቹ ተከተሏት። ከድሩ ከተቀመጠበት እንዴት እንደተነሳ አያውቅም፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቱ፣ በሸበጥ ጫማ፣ ጥቁሩን ድንጋይ እየዘለለ ከኋላቸው ይሮጥ ነበር። ሁለቱ ኮረብታዎች ሲሮጥ ሲቀራረቡ፣ ሲደራረቡ፣ እንደገና ሲለያዩ ያያል። ማማው የለም። ማማው የለም። ከዚያ በሁለቱ መሃል፣ ከሩቅ፣ ቀጭን ሆኖ ብቅ አለ።

«እዚህ! እዚህ ነው!» አለ።

አንድ እርምጃ ወደ ግራ ሄደ፤ ጠፋ። ወደ ቀኝ ሄደ፤ ጠፋ። ወደ መሃል ተመለሰና ዞር ሲል ከኋላው ጠረጴዛ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ቆሟል። ሄዶ ጀርባውን አስደገፈ። ድንጋዩ ከአሁኑ ግሏል።

ከእግሩ ሥር ቆፈሩ። ከጉልበት አላለፈም፤ ስምንት ዓመት የጫነው አሸዋ ነበር እንጂ መሬቱ ጠጣር አልነበረም። የሲሚንቶው ክዳን ብቅ ሲል ሁለት ወጣቶች በዶማ ፈነቀሉት። ውስጡ አፈር እንኳ አልገባበትም፤ ቫልቩ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ትናንት እንደተገጠመ ሁሉ ቁጭ ብሏል።

«ሙእሚን!» አለ ከድሩ።

ፋሪሃ በአንድ እጇ ስልክ ይዛ ከፓምፑ ኦፕሬተር ጋር ትነጋገራለች፤ በሌላው የቧንቧ መፍቻውን ለአንዱ ወጣት አቀበለች። «ቀስ በል! ሩቡን ብቻ! ሌሎቻችሁ ወደ ኋላ!» መፍቻው ዞረ። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ፉጨት፤ ከዚያ ፉጨቱ ወደ ጩኸት ተለወጠ። ለቀናት የታፈነው አየር የበረሃው እባቦች ሁሉ አንድ ላይ እንደተሰበሰቡ እያፏጨ ወጣ። አሸዋው ተነሳ፤ የፋሪሃ ሻርፕ በረረ፤ ፍየሎች በርግገው ሸሹ። ከድሩ ይስቃል። ለምን እንደሚስቅ አያውቅም፤ ልጆቹም እሱን አይተው ይስቃሉ። ሩብ ሰዓት ያህል አፏጨ። ከዚያ ድምፁ ወፈረ፣ ተንተፋተፈ፣ ውሃ ተፋ።

«ዝጋው!» ጮኸች ፋሪሃ። «ዝጋው፣ አሁን ወደ ላይ ይሂድ!»

ውሃው ቀሪውን መንገድ ሄዶ ማጠራቀሚያውን እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ፈጀ። ያን ሁለት ሰዓት መንደሩ በሙሉ ቦኖው ዙሪያ ቆሞ ነበር። ሼህ መሀመድአሚን ዱላቸውን ተደግፈው መጡ። መጨረሻ ላይ ቦኖውን የከፈተችው ከሁሉ ፊት የተሰለፈችው ሴት ናት፤ ቧንቧው አስነጠሰ፣ ቀይ ውሃ ወረወረ፣ ከዚያ ጠራ። እልልታው፣ የፍየሎቹ ጩኸትና የጀሪካኑ ኳኳታ አንድ ላይ ተነሳ። ሼሁ መዳፋቸውን ሞልተው ፊታቸውን አበሱና «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያ ወደ ከድሩ ዞረው፣ «አሁን ዳጉህ ሞላ» አሉት።

ከድሩ ስልኩን አውጥቶ አዋሽ ኡሙሀኒ ጋ ደወለ። የሙእሚን ሚስት «ሃሎ» ስትል መልስ አልሰጣትም፤ ስልኩን ዝቅ አድርጎ ቦኖው አጠገብ ያዘው። ቆይቶ ወደ ጆሮው መለሰው።

«ከድሩ? ምንድነው ይሄ? ዝናብ ነው?»

«ባልሽ ነው» አላት።

ኡሙሀኒ «እስቲ ድገምልኝ» አለችው፤ እሱም ስልኩን መልሶ ወደ ውሃው አቀረበው።

ከድሩ በዚያው ቀን ሊመለስ ነበር አሳቡ፤ ግን አልለቀቁትም። ፋሪሃ አዲስ ደብተር ገዝታ ፊቱ ተቀመጠች፤ ሦስት ቀን ሙሉ እሱ ብርጭቆ እየደረደረ ተናገረ፣ እሷ ጻፈች። አንዴም አቋርጦ አልተነሳም። አንዳንዱ የማይጠቅም ወሬ ነበር፤ እሷ ግን እሱንም ጻፈችው። ሙስሊማ በየቀኑ እየደወለች «ምግብ ቤቱን ጥለህ ቀረህ እኮ!» ትለዋለች፤ ድምፅዋ ግን አይቆጣም።

በአራተኛው ቀን ጧት ባንተይርጋ ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ ሰመራ መግቢያ ላይ ቆመለት። ከድሩ ቦርሳውን ወደ ጋቢናው ወርውሮ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ እንዳደረገ ፋሪሃ ደብተሯን ይዛ መጣች።

«አንድ ነገር ብቻ ጋሽ ከድሩ። በሚሌ በኩል ባለው መስመር አንድ ቫልቭ አለ፤ ሁልጊዜ በተገላቢጦሽ ነው የሚዘጋው። ለምን እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

«እሱማ የግመሏ ጉዳይ ነው!» አለ ከድሩ፤ እግሩንም ከመወጣጫው አወረደ። «በረመዳን ነው የነገረኝ። ግመሏ ማታ ማታ እየመጣች እጀታውን በአንገቷ እየገፋች ትከፍተው ነበር፤ እሱ ደግሞ...»

ባንተይርጋ ጥሩምባ ነፋ። «ከድሩ! ጭነት እኮ ነው የያዝኩት!»

«አንድ ደቂቃ ባንቴ! ... እሱ ደግሞ ምን አደረገ መሰለሽ፣ ፋሪሃ? ቆይ፣ እዚህ ብርጭቆ የለም እንዴ?»

ባንተይርጋ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። ቁልፉን አዙሮ ሞተሩን አጠፋና ከጋቢናው ወርዶ፣ መንገድ ዳር ካለችው ሻይ ቤት ለሦስት ሰው ሻይ አዘዘ።